ወረታ ላይ ሆኖ የመሐንዲሶች ማኅበር አባል መሆን

ፎገራ ሜዳ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ትግሉ ከጥቁር አፈርና ከውሃ ጋር ነው። መረሬው በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ላዩ ላይ ያረፈውን ቀለል ያለ ቤት ከሥር ይገፋል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ ሲያዩ ግንበኛውን ከመውቀስዎ በፊት አፈሩን ይጠርጥሩ። የርብና የጉማራ ወንዞች ደግሞ ከደጋው ያመጡትን ደለል ሜዳው ላይ እያራገፉ የገዛ መውረጃቸውን ይሞላሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብርቱ ዝናብ ሲጨመርበት ከዳር ዳር ገንፍለው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቀዋል።

ይህን ጠባይ አሳምረው የሚያውቁ ባለሙያዎች ወረታ ውስጥ አሉ። አንዱ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ አንዱ መንገድ ሥራ ላይ፣ አንዷ መስኖ ላይ፣ አንዱ ደረቅ ወደቡ ውስጥ፣ ሌላው የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል። ችግሩ አለመገናኘታቸው ነው። አንዱ ሳይት ላይ ሁለት ሜትር ተቆፍሮ የተገኘው የአፈር ውጤት ከመንገዱ ማዶ ለሚሠራው አይደርሰውም፤ እሱም እንደ አዲስ ያስቆፍራል፣ ወይም ሳያስቆፍር ይገምታል። ባለሙያው ዝውውር ሲደርሰው ደግሞ ያወቀው ሁሉ አብሮት ይሳፈራል።

የሙያ ማኅበር ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለምስክር ወረቀቱ ብለው ከገቡ ግን ብዙም አይጠቀሙም። ከዚህ በታች ያለው ወረታ ላይ እየኖሩ እንዴት አባል እንደሚሆኑ፣ ከሆኑ በኋላም አባልነቱ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ ካርድ ሆኖ እንዳይቀር ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ነው።

1. ስለየትኛው ማኅበር እንደምናወራ ይለዩ

ወረታ ላይ «ማኅበር ግባ» የተባለ ባለትዳር መጀመሪያ የሚታየው የቤት ማኅበር ነው፤ አዲስ ተመራቂ ደግሞ ተደራጅቶ ብድርና ሼድ ማግኘት። የሙያ ማኅበር ቦታ አያስመራም፣ ብድር አያስገኝም፣ ጨረታም አያሸንፍልዎትም። ስለ ደመወዝ ስለማይደራደር የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። አባላቱ ግለሰብ ባለሙያዎች ስለሆኑ ድርጅቶች ከሚሰባሰቡበት የሥራ ተቋራጮች ማኅበርም ይለያል።

በብዛት የሚምታታው ግን ከሙያ ፈቃድ ጋር ነው። ከግራጁዌት ወደ ፕሮፌሽናል፣ ከዚያም ወደ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል የሚያሸጋግርዎት መንግሥት ነው፤ በፌዴራል ደረጃ ሥራው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ነው። የማኅበር መታወቂያ ይዘው ዲዛይን ላይ መፈረም አይችሉም። ኬንያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ ፕሮፌሽናል መሐንዲስ ሆኖ ለመመዝገብ የአገሪቱ የመሐንዲሶች ተቋም አባል መሆን ግድ ነው። እኛ ዘንድ አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ማኅበራቱን በገንዘብም በሰውም ያሳሳቸዋል፤ በእኔ እምነት ግን ጥሩ ጎንም አለው። ማንም አስገድዶ አላስገባዎትም፤ ስለዚህ ማኅበሩ ምን እንደሠራ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት።

2. በሚሠሩት ሥራ ይምረጡ

ሲቪል ከሆኑ የኢትዮጵያ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አለ። የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪካልና የኬሚካል መሐንዲሶችም የየራሳቸው አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው፤ አርክቴክቶችም እንዲሁ። ከሁሉም የቆየው የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር ሲሆን፣ «ዘዴ» የተባለው የምሕንድስና መጽሔት በንጉሡ ዘመን ይወጣ የነበረው በእሱ ስም ነው። መጽሔቱን ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሳትመዋል።

ሲመርጡ ዲግሪዎ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ጠዋት ተነስተው የሚውሉበትን ሥራ ይመልከቱ። ሃይድሮሊክስ ተምረው ሩዝ ማሳ ውስጥ የመስኖ ቦይ የሚያስጠርጉ ከሆነ፣ ከመሐንዲሶቹ ማኅበር ሌላ የኢትዮጵያ አፈር ሳይንስ ማኅበር ጉባኤዎች ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ የበለጠ ሊጠቅምዎት ይችላል። ከተማዎ ውስጥ ፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እያለ ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሳይነጋገሩ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ ማለት ያስተዛዝባል።

የውጭዎቹን ማኅበራት የሚመኙ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1852 የተቋቋመው የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርና የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎቹ አይትሪፕልኢ ጥሩ መጽሔቶች አሏቸው። ክፍያቸው በዶላር ነው፤ ነገር ግን ለተማሪዎችና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ባለሙያዎች ቅናሽ ያደርጋሉ። ሙሉውን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ግን ከአገር ቤቱ ይጀምር። ስለ መረሬ የሚያማክርዎት ቦስተን ያለ ሰው አይደለም።

3. ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ

ማኅበራቱ በአብዛኛው ጽሕፈት ቤታቸው አዲስ አበባ ስለሆነ ጉዳዩን በስልክና በኢሜይል ይጨርሱት። መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን እንዲልኩልዎት ይጠይቁ። ቀጥሎ የመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ መቼ እንደተካሄደ፣ የሒሳብ ምርመራ ሪፖርቱ የት እንደሚገኝ፣ ክልል ላይ ያለ አባል እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ወይም ተጠሪ ካለ ስልኩን ይውሰዱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ማኅበራት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በየዓመቱ እንዲያቀርቡ ስለሚያዝ፣ መጠየቅዎ እንደ ነገረኛ አያስቆጥርዎትም። የሰፈርዎ እድር የገባውንና የወጣውን በአባላት ፊት ያነባል፤ ከመሐንዲሶች ማኅበር ከዚያ ያነሰ አይጠብቁ። ለዓመታት ጉባኤ ሳይጠራ የቆየ ማኅበር ከሆነ ስሙ ቢያምርም ገንዘብዎን ይዘው ይቆዩ።

ክፍያውን በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ወይም በማኅበሩ ስም በተከፈተ ቴሌብር ብቻ ይፈጽሙ፤ በግለሰብ ስልክ ላክልን ከተባሉ አይላኩ። ደረሰኝ ይቀበሉ።

4. ሰነድዎን አንድ ጊዜ በደንብ ያዘጋጁ

የሚጠየቁት ብዙም አይለያይም፦ የተሞላ ፎርም፣ የዲግሪ ቅጂ፣ የሙያ ፈቃድ ካለ ቅጂው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ነባር አባላት የሚሰጡት ድጋፍ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ስካን አድርገው ያስቀምጡ፤ ለፈቃድ እድሳትም ያገለግልዎታል።

የሚያስቸግረው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ የለመደው «አቶ እገሌ ከዚህ እስከዚህ ቀን በሲቪል መሐንዲስነት አገልግለዋል» የሚለውን ነው። በዚህ ደብዳቤ የአባልነት ደረጃዎን የሚወስን ኮሚቴ ምንም አይረዳም። ረቂቁን ራስዎ አዘጋጅተው ይውሰዱላቸው፦ የትኛው ፕሮጀክት፣ ርዝመቱ ወይም ስፋቱ ስንት፣ እርስዎ ሳይት መሐንዲስ ነበሩ ወይስ የቢሮ፣ ዲዛይን ሠርተዋል ወይስ አስፈጽመዋል፣ ስንት ከልቨርት አስገንብተዋል፣ ቅድመ ርክክቡ መቼ ተደረገ። ኃላፊው እውነት መሆኑን አይቶ ይፈርማል። ከፕሮጀክት ከመልቀቅዎ በፊት ያስጽፉት፤ ፕሮጀክቱ ከተዘጋና አማካሪ ድርጅቱ ካምፑን ከነቀለ በኋላ ፈራሚ ፍለጋ መንከራተት ነው።

5. ወረታ ላይ አምስት ሰው ያሰባስቡ

እስካሁን ያለው ወረቀት ነው። አባልነት ፍሬ የሚሰጠው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ፊት ለፊት የሚያገኙት የሙያ ባልደረባ ሲኖርዎት ነው፤ ይህን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ጽሕፈት ቤት አያዘጋጅልዎትም።

የዓለም አንጋፋው የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ኬንዳል በሚባል የቡና ቤት ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ተገናኝተው አቋቋሙት። አንድ ሁለት ዓመት ያህል አባል አልበረክት አላቸው። በ1820 ስመ ጥሩውን የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት ሁንልን ብለው ካግባቡት በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ፤ በ1828 ንጉሣዊ ቻርተር አገኙ። ወጣቶቹ ጀመሩት፣ አንጋፋው ክብደት ሰጠው። ወረታ ላይም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ሁለት ሦስት ወጣቶች ይነሱ፤ ከዚያ መንገድ ሥራ ላይ ዕድሜውን የፈጀ፣ ምናልባት ጡረታ የወጣ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ይጥሩት። እንዲያው አይመጣም፤ እንግዳ አድርጋችሁ ስለ አንድ የሚያውቀው ሥራ እንዲያጫውታችሁ ጠይቁት።

አካሄዱን አታወሳስቡት። በወር አንድ ቀን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ፣ አንድ ሰው አንድ ጉዳይ ያቅርብ፤ ሌላው በአንድ ገጽ ይጻፈው። ቡናውን ሁሉም የየራሱን ይክፈል፤ የጋራ ገንዘብ ከሌለ በገንዘብ መጣላት የለም። ሰዓቱ ከጨለማ በፊት፣ ቦታው ሴት መሐንዲሶች ሳይሳቀቁ የሚቀመጡበት ይሁን፤ ምሽት መጠጥ ቤት የሚሰበሰብ ቡድን ግማሹን ባለሙያ ሳያውቀው ያባርራል። የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲመጡ ይጋበዙ። የሚጽፈው እጅ ብዙውን ጊዜ የእነሱ ነው።

ቴሌግራም ግሩፕ ቀጠሮ ለመያዝ ይበቃል። ለመዝገብ ግን አይሆንም። የልደት መልካም ምኞት ይወርድበታል፣ ቀልድ ይወርድበታል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ የአፈር ውጤት የት እንደገባ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

የሕጉን ነገር በአጭሩ፦ በአዋጅ 1113 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ይበቃሉ፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ከሆነ የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩ የክልሉ ነው። የእኔ ምክር ለምዝገባ አትቸኩሉ የሚል ነው። የአገር አቀፉ ማኅበር አባላት ሆናችሁ በቅርንጫፍነት ወይም በንዑስ ቡድንነት እውቅና ጠይቁ። ማኅተም ከሥራ የቀደመባቸው ማኅበራት በየከተማው ሞልተዋል፤ ሊቀመንበር አላቸው፣ ስብሰባ የላቸውም።

6. ሦስት መዝገብ ይክፈቱ

ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል። መድፉ መቅደላ ላይ አለ፤ የማቅለጥ ሙያው ግን ከሠራተኞቹ ጋር ተበተነ። ከወረታ ተነስቶ ወልድያ የሚደርሰውን፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን መንገድ ዲዛይን የት እንደሚገኝ ዛሬ ከተማው ውስጥ ቢጠይቁ ስንት ሰው ይነግርዎታል? ስለዚህ ቡድናችሁ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት እነዚህን ሦስት መዝገቦች ይያዝ።

የመጀመሪያው የአፈር ነው። ማንም ባስቆፈረ ቁጥር የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቦታው በጂፒኤስ፣ የተቆፈረበት ወር፣ ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር ላይ እንዳለቀ፣ ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ፣ የፕላስቲሲቲ ኢንዴክስና የፍሪ ስዌል ውጤት፣ ምርመራው በየትኛው ላቦራቶሪ እንደተሠራ። ወሩን አይዝለሉ፤ በሚያዝያ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ እስከ አፉ ይሞላል፤ ወር ያልተጻፈበት የውሃ ጥልቀት የሚያሳስት ቁጥር ነው። ሰሌክት ማቴሪያል ከየትኛው ኳሪ እንደመጣና ሲቢአሩ ስንት እንደወጣም ይጨመር። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የምርመራው ውጤት የአሠሪው ንብረት ነው። በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የከለከለ ካለ ያንን ይተዉት።

ሁለተኛው የውሃ ነው፤ ለፎገራ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የከልቨርትን ስፋት ለመወሰን የዚያን ጊዜው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው የድሬኔጅ ዲዛይን መመሪያ ስሌቱን ይሰጥዎታል። ስሌቱ ግን ዝናቡንና ተፋሰሱን ነው የሚያውቀው፤ ሜዳው ላይ ውሃው በእርግጥ የት እንደደረሰ የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ናቸው። ሜትርና ሌቭል ይዘው ይውጡ። በየቀበሌው ያሉትን አባቶችና እናቶች «በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ውሃው እስከየት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ፤ በቤተ ክርስቲያን አጥር፣ በድልድይ ምሰሶ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ምልክቱን ያሳዩዎታል። ሁለት ሰው ለየብቻ ተጠይቆ አንድ ቦታ ካሳየ ይመዝግቡት፤ ከተለያዩ ሁለቱንም ይጻፉና ጥያቄ ምልክት ያድርጉበት። ከፍታውን ከመንገዱ ጀርባ አንፃር ለክተው ፎቶ ያንሱ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለዩ። አንደኛ፣ ርብ ላይ 73 ሜትር ቁመት ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል። ከግድቡ በፊት የተመዘገበ የጎርፍ ምልክትና ከግድቡ በኋላ የተመዘገበው በአንድ ዓምድ መጻፍ የለባቸውም። ጉማራ ላይ ግን የርብ ግድብ የሚቀንሰው ነገር ስለሌለ ሁለቱን ወንዞች በአንድ ዓይን አይመልከቱ። ሁለተኛ፣ ወደ ጣና በቀረቡ ቀበሌዎች ጎርፉ የወንዙ ብቻ አይደለም፤ ሐይቁ ከሞላ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል። የሐይቁ ከፍታ ደግሞ ባሕር ዳር ጨራጨራ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ይስተካከላል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ምልክት ሲወስዱ የሐይቁን ከፍታ አብረው ይጻፉ። ገበሬው ማሳውን ለማዳን የጎርፍ መከላከያ ክትሩን የቆረጠበት ቦታ ካለም ይመዝገብ፤ ለመክሰስ ሳይሆን፣ ውሃው በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ስለሆነ።

ሦስተኛው የማሽን መዝገብ ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ከገባ ወዲህ ወረታ የመፈልፈያ ማሽኖች ከተማ ሆናለች። የብረት ሲሊንደር ያለው ማሽን ሩዙን ይሰብራል፤ በጎማ ሮለር የሚፈለፍለው ይሻላል፣ ጎማው ግን ቶሎ ያልቃል። የትኛው ማሽን ላይ የትኛው ዕቃ ከስንት ኩንታል በኋላ እንዳለቀ፣ በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የተቃጠለው ሞተር ምን መከላከያ እንደነበረው የሚጽፍ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል መሐንዲስ ለባለማሽኖቹ ከማንኛውም አስመጪ የበለጠ መካሪ ይሆናል።

7. ከመፈረምዎ በፊት ሁለተኛ ዓይን ያግኙ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1907 ካናዳ ውስጥ በግንባታ ላይ የነበረው የኩቤክ ድልድይ ተደርምሶ 75 ሠራተኞች ሞቱ። አማካሪው ቴዎዶር ኩፐር ኒው ዮርክ ላይ ሆኖ የሚመራ፣ በዘመኑ የታፈረ መሐንዲስ ነበር። የድልድዩ ዋና ርዝመት ከ488 ወደ 549 ሜትር ያህል እንዲያድግ ሲደረግ የራሱ ክብደት እንደገና አልተሰላም። ስሌቱ በሌላ ባለሙያ እንዲታይ የቀረበውን ሐሳብም ኩፐር አልተቀበለም። ሳይት ላይ የነበረው ወጣት መሐንዲስ ብረቱ መጉበጡን አይቶ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ነገረው፤ ኩፐር ጭነት አትጨምሩ የሚል ቴሌግራም ለፋብሪካው ላከ፤ ቃሉ ሳይት ሳይደርስ በዚያው ቀን ድልድዩ ወረደ። ኩፐር ለእውቀት አያንስም ነበር። የጎደለው ስሌቱን ደግሞ የሚያይለት ሰው ነው።

ወረታ ላይ የሚሠራ ብቸኛ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ ዲዛይነሩም አጣሪውም ራሱ ነው። የማኅበር ባልደረባ እዚህ ይግባ። ስሌትዎን ከመፈረምዎ በፊት ለአንድ ባልደረባ ይስጡና ሁሉንም ሳይሆን ጥቂት ነገር እንዲያይ ይጠይቁት፦ ጭነቱ ወይም የውሃው መጠን ከየት እንደመጣ፣ መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ መውረዱን፣ ስዕሉ ላይ ያለው ልክ ከስሌቱ ጋር መግጠሙን። የትኛውን ኮድ እንደተጠቀሙም ይጠይቅዎት። እ.ኤ.አ. በ1995ቱ የሕንፃ ኮድ ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ የ2015ቱ ከመጣ በኋላ ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው ቀላቅሎ የሚሠራ ያጋጥማል፤ ይህ ከሁለቱም ኮድ የከፋ ነው። የአሠሪውን ምሥጢር ግን ይጠብቁ፤ ስምና ዋጋ የሌለበት ቅጂ ይበቃል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩን ለሠራው ሕንፃ አሥር ዓመት ዋስ ያደርገዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ እርስዎ ሁለት ሦስት ቦታ ተዘዋውረው ይሆናል፤ ፊርማዎ ግን ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚወጣው እሱ ነው።

8. «ዝም ብለህ ፈርም» ሲባሉ

ያልተሠራ ሥራ የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ እንዲፈርሙ፣ ያልተጠቀጠቀ አፈር እንዲያሳልፉ የሚገፋዎት አይጠፋም። ማኅበር ከዝውውር ወይም ከቅጣት ያድንዎታል ብዬ አልዋሽዎትም። የሚሰጥዎት ሦስት ነገር ነው። የሥነ ምግባር ደንብ አለው፤ «እኔ አልፈልግም» ከማለት «ደንቤ አይፈቅድልኝም» ማለት ይቀልላል፣ ጠብም ያበርዳል። በዕለቱ የሚደውሉለት ታላቅ የሙያ ሰው ያገናኝዎታል። ጉዳዩ ወደ ሕግ ካመራ ደግሞ ገለልተኛ የሙያ አስተያየት የሚሰጥ ባለሙያ ለማግኘት ቅርብ ነው።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ነገሩን በዚያው ቀን መጻፍ ነው። የሳይት መዝገቡ ላይ የለኩትን ልክ፣ የፈተናውን ውጤት፣ ያዘዙትን ማስተካከያ ከነሰዓቱ ያስፍሩ፤ የሰው ስም ጠቅሰው ስድብ አይጻፉ። ከወር በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አያሳምንም።

9. ዓመቱ ሲሞላ ይገምግሙ

በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ስሌትዎ በሌላ ሰው ታይቶ ካልታረመ፣ ሦስቱ መዝገቦች ባዶ ከሆኑ፣ ከአገር አቀፉ ማኅበርም ከክፍያ ማስታወሻ በቀር የመጣልዎት ነገር ከሌለ ክፍያውን አያድሱ፤ ለምን እንዳላደሱም በደብዳቤ ያሳውቋቸው። ብዙ አባል ዝም ብሎ ስለሚቀር ማኅበራቱ ለምን እንደሳሱ አያውቁም። መዝገቦቹ ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ከተጻፈ ግን አንዱን ጉዳይ ወደ ጽሑፍ ለውጠው ለጠቅላላ ጉባኤው ወይም ለባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሴሚናር ያቅርቡ። መንገዱ ካልተመቸ ጽሑፉን ልከው በርቀት ያቅርቡት።

የመጀመሪያው ስብሰባችሁ ከግንቦት አይለፍ። ሰኔ ገብቶ መረሬው ከጠጣ በኋላ የርብን ዳር ዳር በመኪና መዞር አይቻልም፤ በ1998ቱ ምልክት ላይ ቀለም ሳይቀባ የሚያልፈው ክረምት ደግሞ ቦታውን ከሚያስታውሱት አባቶች ጥቂቶቹን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ለሁለት ሰው ይደውሉ።